ማን ለማን ይቃኛል?

“ቅኝት” የሚለው ቃል በአማርኛችን ሁለት ቤት አለው። ጦር ከመንቀሳቀሱ በፊት ቀድሞ ወጥቶ አገሩን የሚያይ ሰው “ቃኚ” ይባላል። ክራር ደርዳሪም ጨዋታውን ከመጀመሩ በፊት ጆሮውን ወደ አውታሮቹ አዘንብሎ አንዱን ሲያጠብቅ ሌላውን ሲያላላ “ይቃኛል” እንላለን። ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ቃል የጠራ ሕዝብ አንድ ነገር የገባው ይመስለኛል፤ ምድሩን ሳያይ የዘመተና አውታሩን ሳያዳምጥ የዘፈነ፣ ሁለቱም የሚደርሱበትን አያውቁም።

ዛሬ ላወጋችሁ የወደድሁት የዚህን ቃል የቅርብ ዘመን ታሪክ ነው። ሲንተሳይዘር የተባለው መሣሪያ መጀመሪያ በኪቦርድ መልክ፣ ኋላም በኮምፒውተር ውስጥ በሚኖር ሶፍትዌር መልክ ወደ ሙዚቃችን ከገባ ወዲህ ሙዚቀኞቻችንን ለሁለትና ለሦስት ስለከፈለው ሙግት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሞጆ ተነስቶ በቆቃ በኩል ወደ መቂና ወደ ባቱ የሚወርደው ጎዳና የሚያልፍባት ዓለም ጤና ይህን ሙግት ለማዳመጥ የምትመች ከተማ ናት። የመንገድ ከተማ ሙዚቃዋም ከመንገደኛው ጋር ይመጣል። የኦሮምኛውም የአማርኛውም ዘፈን ከአውቶቡሱና ከሻይ ቤቱ ይፈስሳል። ሰርግ ሲሆን ደግሞ፣ አዳማም ይሁን መቂ፣ አብዛኛውን ጊዜ የምናየው አንድ ዘፋኝ፣ አንድ ኪቦርድ ተጫዋችና ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ነው። ከበሮው፣ ባሱ፣ ክራሩ፣ ሳክስፎኑ ሁሉ ከዚያች ጠፍጣፋ ሣጥን ይወጣል።

በእንዲህ ያለው ሰርግ ዳር የተቀመጡ የሙዚቃ ወዳጆች ሲከራከሩ ሦስት ዓይነት ቃል ሰምቻለሁ። አንደኛው ወገን፣ “ይህ ማሽን ሙዚቃችንን ገደለው፤ የሰው ትንፋሽ የለበትም” ይላል። ሁለተኛው፣ “ማሽኑ ባይኖር ኖሮ የደኻ ሰርግ ያለ ሙዚቃ ባለፈ ነበር፤ ሙዚቃውን ያኖረው እርሱ ነው” ሲል ይመልሳል። ሦስተኛው፣ ብዙ ጊዜ ወጣትና ላፕቶፑን አቅፎ የሚዞር ነው፤ “ሁለታችሁም መሣሪያውን ገና አላወቃችሁትም” ይላል። ሦስቱም እውነት አላቸው። ነገር ግን የሚከራከሩበት ጉዳይ አንድ አይመስለኝም። ይህን ለማየት ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

*

የመጀመሪያው ወገን “የእኛ” ብሎ የሚያዝንለት ድምፅ የትኛው ነው? አብዛኛውን ጊዜ የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ የኦርኬስትራ ድምፅ ነው፤ ትራምፔቱ፣ ትሮምቦኑ፣ ሳክስፎኑ። ግን እነዚህም ቢሆኑ በእንግድነት የገቡ ናቸው። ከአድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የትንፋሽ መሣሪያዎች በስጦታ መጡ። በ1924 ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ከአርመኖች እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች ማርሽ ሲጫወቱ አይተው 40ዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። “አርባ ልጆች” የሚለው ስም ከዚያ ቀረ። መሪያቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ከዚያ ወዲህ የክብር ዘበኛው፣ የፖሊሱና የጦሩ ባንዶች እየተከተሉ ተነሡ፤ ትራምፔቱም ቀስ በቀስ ትዝታን መናገር ለመደ።

ለመደ ማለቴ በከንቱ አይደለም። ትራምፔት ከአውሮፓ ሲመጣ የአውሮፓን መሰላል ይዞ ነው የመጣው። ነገር ግን ነፊው ከንፈሩን ትንሽ ጠበቅ፣ ትንሽ ላላ በማድረግ ድምፁን ወደ ዘፋኙ ጉሮሮ ሊያስጠጋው ይችላል። ሳክስፎንም እንዲሁ ነው። ስለዚህ እነዚህ እንግዶች ቤተኛ ለመሆን የሚያስችል ጠባይ ነበራቸው፤ ሲጠሯቸው ይታጠፋሉ። አኮርዲዮን፣ ፒያኖና ኦርጋን ግን አይታጠፉም። ቁልፉን ሲጫኑት ፋብሪካው የቆረጠለትን ድምፅ ይሰጣል እንጂ “እስቲ ትንሽ ዝቅ በል” ቢሉት አይሰማም።

ይህ ልዩነት ለጊዜው ብዙ አላስጨነቀም፤ ኦርጋኑ ከብዙዎቹ አንዱ ነበርና። ሁኔታው የተለወጠው በደርግ ዘመን ነው። ሰዓት እላፊው የምሽቱን ገበያ ለረጅም ዓመታት አነቀው። ሸክላው ለካሴት ቦታውን ለቀቀ፤ ካሴት ደግሞ በርካሽ ተቀርጾ በርካሽ የሚባዛ ዕቃ ነው። ስምንትና አሥር ሰው ይዞ ስቱዲዮ መግባት የማይቻልበት፣ ብዙ ሙዚቀኛም የተሰደደበት ጊዜ መጣ። አንድ ኪቦርድ የሦስት ትንፋሽ ተጫዋቾችን ክፍያ የሚያስቀር ሆነ። የመጀመሪያው ወገን ምሬት እንግዲህ የጆሮ ብቻ አይደለም፤ የእንጀራም ነው። ሁለተኛው ወገን “ሙዚቃውን ያኖረው እርሱ ነው” ሲልም አይዋሽም፤ በዚያ ጠባብ ዘመን ኪቦርዱ ባይኖር ብዙ ዘፈን ሳይቀረጽ በቀረ ነበር።

*

አሁን ወደ መሣሪያው ራሱ እንግባ። በ1983 የጃፓኑ ያማሃ ኩባንያ ዲኤክስ7 የተባለውን ሲንተሳይዘር ለገበያ አወጣ። የዚህ መሣሪያ ጥንስስ ከ1967 ጀምሮ ነው። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰው የሆነው ጆን ቻውኒንግ በኮምፒውተር ድምፅ እያወጣ ሲሞክር አንድ ነገር አስተዋለ። ማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን አውታሩ ላይ ሲያርገበግብ ድምፁ ይወዛወዛል፤ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቻውኒንግ በኮምፒውተሩ ያንን ውዝዋዜ እያፋጠነ፣ እያፋጠነ ሄደ። ፍጥነቱ የሰው ጣት ከሚችለው እጅግ ሲያልፍ ጆሮ ውዝዋዜውን መስማት ያቆማል። በምትኩ አዲስ የድምፅ ቀለም ይሰማል፤ አንዳንዴ ደወል፣ አንዳንዴ ናስ፣ አንዳንዴ ከዚህ በፊት ያልነበረ ነገር። አንዱ ሞገድ ሌላውን እያርገበገበ ቀለም ይወልዳል ማለት ነው።

ያማሃ ይህን ግኝት በፈቃድ ወስዶ ዲኤክስ7 ላይ አዋለው። በመሣሪያው ውስጥ እርስ በርስ የሚያርገበግቡ 6 የሞገድ ምንጮች አሉ፤ የሚያያዙባቸውም 32 መንገዶች። አንድን ድምፅ ከመሠረቱ ለመሥራት ከ140 በላይ ቁጥሮችን መወሰን ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት የነበሩት ሲንተሳይዘሮች በእጅ የሚዞሩ ብዙ ማዞሪያዎች ነበሯቸው፤ ሲያዞሩ ለውጡ ወዲያው ይሰማል። ዲኤክስ7 ግን ማዞሪያዎቹን ትቶ ጠፍጣፋ አዝራሮችን፣ ሁለት መስመር ጽሑፍ ብቻ የምታሳይ ጠባብ መስኮትንና ቁጥሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ አንድ ተንሸራታች ዘንግን ያዘ። አንድን ቤት በቁልፍ ቀዳዳ እያዩ እንደ መጥረግ ነው።

የዓለም ሙዚቀኞች እዚህ ላይ ተከፈሉ። አንዳንዱ “ይህ የሒሳብ ሊቅ መሣሪያ እንጂ የሙዚቀኛ አይደለም” አለ። ብዙው ደግሞ ፋብሪካው አዘጋጅቶ ያስቀመጣቸውን ድምፆች፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ባሱን፣ ደወሉን፣ እንዳሉ ወስዶ ተጫወተባቸው። የ1980ዎቹ የዓለም ዘፈኖች እርስ በርስ የሚመሳሰሉት በዚህ የተነሣ ነው። ጥቂቶች ብቻ ወደ ውስጥ ገቡ። ከእነርሱ አንዱ ብራያን ኢኖ ነው፤ ራሱን “ሙዚቀኛ ያልሆነ” እያለ የሚጠራ ሰው የራሱን ድምፆች በዲኤክስ7 በመሥራት ስሙ ተጠራ። ልብ በሉ፤ መሣሪያው ለሁሉም አንድ ነው። ልዩነቱ የተሰጠውን በሚወስድና የሚፈልገውን አውቆ በሚፈልግ መካከል ነው።

*

የእኛ ሰውም ከዚህ መሣሪያ ጋር ቀድሞ ተገናኝቷል። ኃይሉ መርጊያ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ለዓመታት በተጫወተው የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነበር። ባንዱ በ1981 ለሥራ ወደ አሜሪካ ሲሻገር ኃይሉ ከዚያው ከቀሩት አንዱ ሆነ። በ1985 በስደት አገር ብቻውን አንድ ካሴት ቀረጸ፤ አኮርዲዮን፣ ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ዲኤክስ7 እና የከበሮ ማሽን። ባንድ አልነበረም፤ ባንዱ እርሱ ነበር።

በዚያ ሥራ ላይ ያለው ፍርድ ራሱ የሙግቱ ታሪክ ነው። ካሴቱ በአገር ቤት ከተሸጠ በኋላ ዘመን አለፈበት፤ ኃይሉም በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ፣ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ በመኪናው ኋላ ይዞ፣ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት እየተለማመደ ኖረ። ኋላ አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ፣ ብራያን ሺምኮቪትዝ፣ ባሕር ዳር ላይ ካሴቱን አገኘው፤ በ2013ም እንደገና ታተመ። ያኔ ዓለም እንደ አዲስ ነገር ተቀበለው፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመልሶ በ2018 “ላላ በሉ” የተሰኘውን አልበም አወጣ።

ሌላውን ፍርድ ደግሞ በዝምታ የሰጠ አለ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ ያሳተመው “ኢትዮፒክስ” የተባለው ተከታታይ ስብስብ ያለፈውን ሙዚቃችንን ለዓለም ጆሮ ያደረሰ ትልቅ ሥራ ነው። የስብስቡ ልብ ግን የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ዘመን ነው፤ የኪቦርዱ ዘመን በዚያ ማዕድ ላይ ሰፊ ቦታ የለውም። በዚህም የተነሣ ብዙ የውጭ አድማጭ “ወርቃማው ዘመን” ከትንፋሽ መሣሪያው ጋር እንዳበቃ አድርጎ ያስባል። የኃይሉ ካሴት እንደገና መገኘት ያንን ድንበር ትንሽ አነቃነቀው። አኮርዲዮኑ አሮጌውን ዘመን ይዞ፣ ዲኤክስ7ቱ አዲሱን ይዞ፣ ሁለቱ በአንድ ሰው እጅ ሲነጋገሩ ሰማነውና።

*

ከዚያ ወዲህ ሣጥኑም ጠፋ፤ ሲንተሳይዘሩ ወደ ኮምፒውተር ገባ። ኔቲቭ ኢንስትሩመንትስ የተባለው የበርሊን ኩባንያ በ2001 የዲኤክስ7ን አሠራር በሶፍትዌር ያስነሣውን ኤፍኤም7ን፣ ቀጥሎም ኤፍኤም8ን አወጣ። ቀድሞ ወደ ሁለት ሺህ ዶላር የሚጠጋው መሣሪያ ዛሬ ዴክስድ በተባለ ነፃ ሶፍትዌር ይገኛል። ሰርጅ የተባለውም ውስብስብ ሲንተሳይዘር በ2018 ምንጩ ለሕዝብ ተከፍቶ በነፃ የሚታደል ሆኗል። ዋጋው ወርዷል፤ ውስብስብነቱ ግን አልወረደም። እንዲያውም ማያ ገጹ ሰፍቶ አዝራሩ በዝቷል።

በአገራችን የስቱዲዮው ሥራ ወደ ኮምፒውተር በገባበት ዘመን ጎልቶ የወጣው ኤልያስ መልካ ነበር። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ የተማረው ይህ ሰው፣ ቼሎ ደግሞ እንደ ማሲንቆ ድምፁን ጣትና ጆሮ የሚያገኙት መሣሪያ ነው፣ የዘሪቱ ከበደንና የእዮብ መኮንንን ሥራዎች አቀነባብሮ በ2019 አረፈ። ከእርሱ ወዲህ የመጡት እንደገና ሙሉ፣ በመድረክ ስሙ ኢትዮጵያን ሬከርድስ፣ እና ሚካኤል ሰይፉ ደግሞ “ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ” ያሉትን መንገድ ጀመሩ፤ ሚካኤል በ2016 “ዘላለም” የተሰኘ ሥራ አውጥቷል። ለእነዚህ ወጣቶች ኮምፒውተሩ የትንፋሽ ተጫዋች ምትክ አይደለም። ራሱን የቻለ መሣሪያ ነው።

*

እንግዲህ ወደ ልቡ ነገር ደረስን።

የፒያኖ መሰላል አንዱን ኦክታቭ በ12 እኩል ደረጃዎች ይከፍለዋል። ባለሙያዎች ኦክታቭን በ1200 ጥቃቅን መለኪያዎች፣ በሴንት፣ ስለሚለኩት እያንዳንዱ ደረጃ 100 ሴንት ነው። ክራር ግን በእኩል ክፍፍል አይቃኝም፤ በጆሮ ይቃኛል። ጆሮ የሚወደው የዶና የሶል ርቀት 702 ሴንት ያህል ሲሆን የኪቦርዱ 700 ነው፤ ይህ እዚህ ግባ አይባልም። የዶና የሚ ርቀት ግን በጆሮ 386 ሲሆን በኪቦርድ 400 ነው፤ ይህ ይሰማል። ወደ አንቺሆዬ ስንመጣ ደግሞ ጠባቦቹ ርቀቶች ከተጫዋች ተጫዋች ይለያያሉ፤ በኪቦርድ ሲጫወቱት ከጥቁሩና ከነጩ ቁልፍ አንዱን “ይቅርታ፣ አንተ ትቀርባለህ” ብሎ መምረጥ ነው። በ1970ዎቹ የማሲንቆንና የቅኝትን ጠባይ ያጠናችው ሲንቲያ ኪምበርሊንም ቅኝት እንደ ፒያኖ የተቆለፈ ልክ እንዳልሆነ በመለኪያ አሳይታለች።

አሁን የሦስቱን ወገኖች ሙግት እንደገና እንስማው። የመጀመሪያው ወገን “ትንፋሽ የለበትም” ሲል ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ትንፋሽ ብቻ አይደለም፤ ቅኝቱ ነው። ስሙን ባይጠራውም ጆሮው አውቆታል። ኪቦርዱ የባንዱ መሠረት ሲሆን ሌላው ሁሉ ወደ እርሱ ይጠጋል። ክራሩ ኪቦርዱን እየሰማ ይቃኛል፤ ዋሽንቱ በኪቦርዱ ልክ ይበሳል፤ ዘፋኙም በኪቦርዱ ይታረማል። አንድ ትውልድ እንዲህ ካደገ በኋላ የቆየ አዝማሪ ቢሰማ “ቅኝቱ ወጥቷል” ይላል። ያልወጣው ወጣ፤ የወጣው ልክ ሆነ። የማዝነው ለዚህ ነው፤ መሣሪያ ቢጠፋ በሙዚየም ይገኛል፣ ጆሮ ከጠፋ ግን ማስቀመጫ የለውም።

ሦስተኛው ወገንስ? “መሣሪያውን አላወቃችሁትም” ማለቱ እውነት ነው። የመጀመሪያው ዲኤክስ7 በፒያኖው መሰላል ላይ የተቆለፈ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመጣው ዲኤክስ7 ሁለት ግን እያንዳንዱን ቁልፍ ለብቻው ከፍና ዝቅ ማድረግ አስቻለ። ዛሬ ዴክስድም ሰርጅም የፈለጉትን ቅኝት ይቀበላሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ስካላ በሚባለው አጻጻፍ የተዘጋጀ አጭር የጽሑፍ ፋይል ነው፤ አንድ መስመር ስም፣ አንድ መስመር የድምፆቹ ብዛት፣ ከዚያ የየድምፁ ሴንት። አንድ ገጽ አይሞላም። ሙዚቀኞች “ውስብስብ ነው” ብለው የሚሸሹት መሣሪያ፣ ባህል ወዳዱ የጠፋበትን ነገር በውስጡ አስቀምጦ ይጠብቃል። የበገና እንዚራ የሚሰጠውን ያን የሚነዝር ድምፅ የፋብሪካው ዝግጁ ድምፅ አይሰጥም፤ ስድስቱን ምንጮች አገናኝቶ በትዕግሥት የሚፈልግ ግን ሊቀርበው ይችላል።

አረቦች ይህን በር ከእኛ ቀድመው አንኳኩተዋል። ዘፈናቸው ከፒያኖው ጥቁርና ነጭ ቁልፍ መካከል የሚወድቁ ድምፆች አሉት። ስለዚህ ዝም አላሉም፤ ያማሃና ኮርግ ለዚያ ገበያ ብለው ድምፁን በቅጽበት የሚያወርድ አዝራር ያላቸው ኪቦርዶች ሠሩ። ማሽኑ ለዘፋኙ ተቃኘ እንጂ ዘፋኙ ለማሽኑ አልተቃኘም። በእኛም ዘንድ በተመሳሳይ አቅጣጫ የተጓዘ አለ። ሙላቱ አስታጥቄ በአሜሪካ በምርምር ላይ በነበረበት ጊዜ ክራርን ስለማዘመን ሠርቷል፤ የኤምአይቲው ሚዲያ ላብ ዘመናዊ ክራር ለመሥራት ባደረገው ጥረትም አማካሪ ነበር። አዲሱ መሣሪያ አሮጌውን እንዲተካ ሳይሆን አሮጌው ራሱ አዲስ አቅም እንዲያገኝ ማለት ነው።

የእኛው አካባቢ ሙዚቃም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደለም። በ2022 አዳማ ላይ ያረፈው አሊ ቢራ ከድሬዳዋ አፍረን ቀሎ ሲነሣ በእጁ የነበረው ዑድ ነው። የዑድ አንገት ላይ ድምፁን የሚቆርጥ ዘንግ የለም፤ ጣት የፈለገበት ያርፋል። ያንን ነፃ ጣት የለመደ ዘፈን ዛሬ በመቂና በባቱ ሰርግ ላይ በኪቦርድ ሲጫወት፣ ዜማው ቢታወቅም አንዳች ነገር ተቆርጦ የቀረ ይመስለኛል።

ነገር ግን ሦስተኛውም ወገን የሚጎድለው አለ። ፋይሉን መጻፍ ቀላል ነው፤ በውስጡ የሚጻፈውን ቁጥር ማን ይሰጠዋል? ቁጥሩ በሰው ጆሮ ውስጥ ነው ያለው፤ ያውም ከአንዱ ደርዳሪ ወደ ሌላው የሚለያይ ሆኖ። አንድ “ትክክለኛ ትዝታ” ጽፈን ብናሰራጭ ፒያኖው ያደረገብንን እኛው በራሳችን ላይ ደገምነው ማለት ነው፤ በአንድ ልክ ፈንታ ሌላ ልክ። ስለዚህ ፋይሉ “ትዝታ” ተብሎ ብቻ ሊሰየም አይገባውም፤ የእገሌ ትዝታ፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ስፍራ፣ ከዚህ ክራር የተለካ መባል አለበት። ግጥም የባለቤቱን ስም እንደሚይዝ ማለት ነው።

እንዲህ ካየነው ሽማግሌው የክራር ደርዳሪና ላፕቶፕ ያቀፈው ወጣት ተቃዋሚዎች አይደሉም። አንዱ ቁጥሩ አለው፣ ማስቀመጫ የለውም፤ ሌላው ማስቀመጫው አለው፣ ቁጥሩ የለውም። ለመለካት የሚያስፈልገው መሣሪያ ዛሬ በስልክ ላይ የሚጫን ነፃ መቃኛ ነው። ደርዳሪው አውታሮቹን አንድ በአንድ ይምታ፤ ወጣቱ የሚያየውን ይጻፍ። ለስድስት አውታር ስድስት ቁጥር ነው፤ አንድ ሲኒ ቡና ሳይበርድ ያልቃል።

ማሽኑ ሲጠይቁት የሚታጠፍበት ዘመን ላይ ደርሰናል። ጠያቂው ግን ጆሮ ያለው መሆን አለበት፤ ያ ጆሮ ደግሞ በየከተማችን፣ በየአዝማሪ ቤቱና በየደብሩ፣ ዕድሜው እየገፋ ተቀምጧል። ቃኚ የሚላከው ጦሩ ከመንቀሳቀሱ በፊት ነው።